ፍተሻ ባለበት በዓል ላይ የልጆች መክሰስና የምግብ አለርጂ

(ባሕር ዳር ውስጥ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለበዓል አስተባባሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ! ወላጆች፣ መምህራን፣ አስተባባሪዎች፣ ከጤና ጣቢያ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ የፍተሻ ጓዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የፍተሻ ጓዶችን ለይቼ የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን ግማሹ እጃችሁ ላይ ነው። ለምን እጃችሁ እንዳልኩ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል፣ የስታዲየም ውድድር፣ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ፣ የልጆች ዝግጅት በአዳራሽ። እነዚህ ሁሉ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ አላቸው፤ «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው»። ክልከላው ከሜዳ አልመጣም። ጠርሙስ ይወረወራል። ውሃ የሞላ ሃይላንድም ከላይ ሲመጣ ራስ ይፈነክታል። በፌስታል የተቋጠረ ነገር ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ሕጉን ልቃወም አልቆምኩም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ውስጥ የሚሸጠውን መብላት የማይችል ልጅ ምን ይሁን? አራት ሰዓት ሙሉ ተርቦ ይቀመጥ? ወይስ የተገኘውን ይብላና እንየው?

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህ በር ላይ የሚፈታ ነገር አይደለም። ደግሜ እላለሁ፤ በር ላይ የሚፈታ ነገር አይደለም! በር ላይ ወረፋ አለ፤ ፈታሹ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ እናት ትቆጣለች፤ ልጅ ያለቅሳል። ከሦስት ቀን በፊት በአንድ ስልክ የሚያልቀው ጉዳይ በር ላይ ጠብ ይሆናል። ነገሬን በአራት እከፍለዋለሁ፤ ምግቡ፣ በሩ፣ እጅና ጉርሻ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጁ ከታመመ ምን እናድርግ የሚለው።

አንደኛ፣ ምግቡ።

ወተት ጠጥቶ ሆዱን የሚነፋውና የሚያስቀምጠው ልጅ ሁሉ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። የወተቱን ስኳር መፍጨት አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ ያ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። አለርጂው ሌላ ነው። ሰውነት ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ ሽፍታ፣ የከንፈርና የዐይን ቆብ ማበጥ፣ ማስመለስ፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር። አስም ያለበት ልጅ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይከፋል።

ከባዱን አለርጂ በብዛት የሚያስነሱት ምግቦች ጥቂት ናቸው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ አሳ፣ እንደ ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ሽሪምፕና መሰሎቹ። ሽሪምፑን እንተወው፤ ገበታችን ላይ የለም። የቀሩትን ግን ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ አንድ ሱቅ ብትገቡ በሙሉ ታገኟቸዋላችሁ።

ከቆሎ እንጀምር፤ በዓል ያለ ቆሎ የለምና። ቆሎ ሲባል ገብስ ብቻ ይመስለናል። ውስጡን እዩት እስቲ፤ ሽምብራ አለ፣ ሱፍ አለ፣ ለውዝ አለ። «ለውዙን ለቅሜ አወጣለታለሁ» የምትል እናት ብዙ ናት። አይሆንም፣ እኅቴ! ፍሬውን ትለቅሚያለሽ፤ ያ ቀይ ስስ ልጣጩ ግን ተፈርፍሮ ገብሱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ነጋዴዋ ለውዝ የሌለበትን ገብስ ለብቻው አስቀምጣው ቢሆን እንኳ፣ የቆላችበት ምጣድና የምትሰፍርበት ስኒ አንድ ከሆነ ለውዙ አብሮ ይመጣል። መቁላት ደግሞ አለርጂውን አያጠፋም። ቆሎ የሚፈቀድለት ልጅ ካላችሁ ገብሱን ቤት ለቅማችሁ፣ ቤት ቆልታችሁ ያዙለት። ይህን ስል አንድ ሌላ ነገር መጣልኝ፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ አለርጂ ኖረበት አልኖረበት፣ ሙሉ ለውዝም ሆነ ቆሎ አትስጡ። እየሮጠና እየሳቀ ሲበላ ወደ ሳንባው ይገባል።

ጎጃም ቆሜ ግብጦን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ትታዘቡኛላችሁ። ግብጦ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ደጋግሞ ተቀይሮ ምሬቱ ሲወጣ ይጣፍጣል። ውሃው የሚያወጣው ግን ምሬቱን ነው፤ አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን እዚያው ይቀራል። ግብጦና ለውዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ የለውዝ አለርጂ ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ በግብጦም ይታመማሉ። አውሮፓ ኅብረት በምግብ ማሸጊያ ላይ የግድ ይጻፉ ካላቸው 14 አለርጂ አስነሺዎች አንዱ ይኸው ግብጦ ነው። እኛ ግን ለውዝ የከለከልነውን ልጅ «ይቺስ የአገራችን ናት፣ ምን ታደርገዋለች» ብለን እፍኝ ሙሉ ግብጦ እናስጨብጠዋለን። ሐኪም መርምሮ ካልፈቀደ በስተቀር ለውዝ የተከለከለ ልጅ ግብጦም ይቅርበት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። «የጾም ነው» የሚለው ቃል። የወተት ወይም የእንቁላል አለርጂ ላለበት ልጅ ጾም ይረዳል፤ እውነት ነው። ግን «የጾም» ማለት «ለውዝ የለበትም» ማለት ነው እንዴ? እንዲያውም ተቃራኒው ነው! ቅቤው ሲወጣ የለውዝ ቅቤ ይገባል፤ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ አኩሪ አተር ይበዛል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ላይ የሚውል የትምህርት ቤት ዝግጅት ለወተቱ ልጅ ይቀላል፣ ለለውዙና ለሰሊጡ ልጅ ይከብዳል። ለወተቱም ልጅ ቢሆን ዋስትና አይደለም። የጾም ኬክ የሚጋገርበት ዳቦ ቤት ትናንት በዚያው ላቶ የፍስኩን ጋግሮበታል፤ ለጾም በቂ የሆነው ጥንቃቄ ለአለርጂ በቂ አይደለም። ጠይቁ፣ ጠይቁ፣ አሁንም ጠይቁ! ጥያቄውም «የጾም ነው ወይ?» ሳይሆን «ምን ምን ገባበት? ዕቃውስ ለሌላም ያገለግላል?» ይሁን።

አሳ። ሐይቅ ዳር ስለምንኖር ቆሮሶ የሚጠበስበት ዘይት ብዙ ነገር ያልፍበታል፤ ሳምቡሳው፣ ድንች ጥብሱ፣ ቦንቦሊኖው በዚያው ድስት ይወጣል። አሳ የማይስማማው ልጅ አሳ ሳይበላ በድንች ይታመማል፤ እናቱም «ድንች ብቻ ነው የበላው» ብላ ትምላለች። እውነቷን ነው፤ ድንች ብቻ ነው የበላው። ከባድ የአሳ አለርጂ ያለባቸው አንዳንድ ልጆች ደግሞ መጥበሻው አጠገብ ቆመው በእንፋሎቱ ብቻ ሳልና የቆዳ ሽፍታ ይጀምራቸዋል። አስተባባሪዎች፣ የአሳ መጥበሻ በልጆች መግቢያ በኩል አታስቀምጡ፤ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ሕዝቡ በሚመጣበት በኩልም አይሁን።

እንጀራን ባጭሩ ልለፈው። ጤፍ የስንዴ አለርጂ አያስነሳም። ከፎገራ ሩዝ ጋር ቢቀላቀልም ለስንዴው ልጅ ችግር የለበትም። ችግሩ የገበያ እንጀራ ውስጥ ስንዴ መግባቱን በዐይን መለየት አለመቻሉ ነው። የቤታችሁን ያዙ።

እሺ፣ ታዲያ ምን እንያዝ? ምርጡ መክሰስ በራሱ ልጣጭ የተሸፈነ ነው። ለምን? ሁለት ጥቅም አለው። ሌላ ሰው ቢነካው እንኳ ውስጡ አይነካም፤ ፈታሹም ሳይከፍተው ምን እንደሆነ ያየዋል። ለአምስት ዓመት ልጅ፣ ለአራት ሰዓት ዝግጅት፣ ሁለት ሙዝ፣ አንድ ብርቱካን፣ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል። ጠግቦ ይግባ፤ የተራበ ልጅ ከሌላው እጅ ይነጥቃል። ወጥ አይያዝ፤ ይፈሳል፤ ፈታሽም ይከለክለዋል፤ አልፈርድበትም። ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለባቸውም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ፌስታል ውስጥ የዋለ እንቁላል ለማንም ልጅ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በሩ።

ወላጅ ከሦስት ቀን በፊት ለአስተባባሪው ይደውል። አስተባባሪው «እሺ» ብሎ ዝም አይበል፤ የልጁን ስምና የሚገባበትን በር ጽፎ ለፍተሻ ኃላፊው ይስጥ። በቃል የተፈቀደ ነገር ተረኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ተረኛ ደግሞ ሁልጊዜ ይቀየራል።

ወላጅ አንድ ገጽ ወረቀት ከሐኪም ይያዝ። ምን ይጻፍበት? የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት በኪሎ፣ የማይስማማው ምግብ፣ የሚሰጠው መድኃኒትና መጠኑ፣ የሁለት አሳዳጊዎች ስልክ፣ የጤና ተቋሙ ማኅተም። ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን! በር ላይ የቆመው ሰው የሐኪም እንግሊዝኛ እንዲፈታ አይጠበቅበትም። መክሰሱ፣ መድኃኒቱና ወረቀቱ ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ ቦርሳ አንድ ላይ ይግቡ። መድኃኒቱ ከነካርቶኑ ይሁን። መርፌ ካለበት ፈታሹ ሳያገኘው በፊት ራሳችሁ ተናገሩ፤ ሳይነገረው ኪስ ውስጥ መርፌ ያገኘ ፈታሽ ቢደነግጥ እውነቱን ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። የእኛ አገር ፍተሻ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው አይደል? አባት ቦርሳውን ይዞ በወንዶች ሰልፍ ይሄዳል፤ እናት ልጁን ይዛ በሴቶች ሰልፍ ትገባለች። የወንዶቹ ሰልፍ ረዘመ። ልጁ ውስጥ ገብቷል፤ መድኃኒቱ ውጭ ነው። አንድ ዘመድ ብስኩት ሰጠው። መድኃኒቱ ሃያ ሜትር ላይ ነው፤ አጥርና ሰልፍ ግን በመካከል አለ። ስለዚህ ቦርሳው ልጁን በያዘው ሰው ትከሻ ላይ ይሁን። መድኃኒትና ልጅ አይለያዩም! መኪና ሊያቆም የሄደ አባት፣ ዕቃ የያዘች አክስት፣ «ኋላ አመጣዋለሁ» የሚል ታላቅ ወንድም፣ ማንም ይዞት አይሂድ።

የፍተሻ ጓዶች፣ እንግዲህ ወደ እጃችሁ መጣሁ። ከማለዳ ጀምሮ ቆማችኋል፤ ቆሎ እየቆረጠማችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ያስፈልጋችኋልም። ግን በዚያው እጅ የአንዱን ልጅ ምሳ ዕቃ ከፍታችሁ ዳቦውን ብታገላብጡት፣ ጣታችሁ ላይ ያለው የለውዝ ዱቄት ዳቦው ላይ ይቀራል። አይታይም፤ ለአንዳንድ ልጅ ግን ይበቃል። ምን ይሁን ታዲያ? ክዳኑን ወላጅ ይክፈት፤ ወላጅ ያገላብጥ፤ እናንተ እዩ። ፍተሻው አልቀረም፤ እጁ ብቻ ተቀየረ።

የመጠጡም እንዲሁ ነው። «ቅመሺው» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። እናት ግን በልጁ ኮዳ ወይም በጡጦው አትቅመስ። ክዳኑ ላይ ትንሽ ጠብ አድርጋ ትጠጣ፤ ከዚያ ክዳኑን በያዘችው ንጹሕ ውሃ ታለቅልቅ። ለውዝ የበላ አፍ ኮዳ ላይ ምራቅ ይተዋልና።

አስተባባሪዎች ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ውስጥ መክሰስ ስለምንሰጥ ማንም አይያዝ» ትላላችሁ። ደግ ሐሳብ ነው፤ የምትሰጡት ግን ብዙ ጊዜ ስንዴም ወተትም ያለበት ብስኩት ነው። ያውም በጅምላ ገዝታችሁ፣ ከማሸጊያው አውጥታችሁ በሳህን ታቀርቡታላችሁ፤ የተጻፈበት ካርቶን ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። ካርቶኑን እስከ በዓሉ ማግስት አትጣሉ። ለሁሉም ልጅ ሙዝ ብትሰጡ ደግሞ ግማሹ ጭንቀት ይቀራል፤ ባሕር ዳር ሙዝ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ እጅና ጉርሻ።

በሳኒታይዘር እጅ ማሸት ለጀርም ነው፤ የለውዝን ቅሪት አያነሳም። የሚያነሳው ሳሙናና ውሃ ነው፤ ውሃ ከሌለ እርጥብ ሶፍት። በር ላይ የሳኒታይዘር ጠርሙስ ደርድራችሁ «ተጠንቅቀናል» አትበሉን። ሌላው ልጅ አጠገቡ ለውዝ ስለበላና ስለሸተተው ብቻ ግን ልጁ በከባዱ ይታመማል ብላችሁ አትስጉ፤ የሚያሰጋው ወደ አፍ የሚገባው ነው። ስለዚህ ልጁን ከጓደኞቹ ለይታችሁ ጥግ አታስቀምጡት። ግንባሩ ላይ ወይም ደረቱ ላይ ምልክት መለጠፍንም እኔ አልወድም። ካርዱ መምህሯ ጋ ይሁን፤ ልጁ ልጅ ሆኖ ይዋል።

ጉርሻ ግን ከባድ ነው። ሽማግሌ ሲያጎርስ እንቢ አይባልም ብለን አሳድገናቸዋል። የማያውቁት እናት፣ የጓደኛ አያት፣ በፍቅር እጃቸውን ይዘረጋሉ። ልጁ ምን ይበል? ቤት ውስጥ አለማምዱት፤ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ይህ ያመኛል፤ እናቴን ይጠይቁልኝ።» ሦስት ነገር አለበት፤ ምስጋና፣ ምክንያት፣ ወደ ትልቅ ሰው መምራት። «አልፈልግም» ካለ «ይሉኝታ ይዞት ነው» ተብሎ አፉ ውስጥ ይጨመርለታል። «ያመኛል» ካለ እጅ ይሰበሰባል። እናንት ታላላቆችም፣ የሰው ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት እናቱን በዐይናችሁ ፈልጉ።

አራተኛ፣ ልጁ ከታመመ።

ሽፍታና ማሳከክ ብቻ ከሆነ ሴትሪዚንን የመሰለ የአለርጂ መድኃኒት ሐኪሙ በጻፈው መጠን ይሰጣል፤ ልጁም ከዐይናችሁ አይራቅ። ድምፁ ከጎረነነ፣ ካሳለ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከገረጣና ከዛለ ግን ያ መድኃኒት አያድነውም። ማሳከኩን ይቀንሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊት አይመልስም። በዚህ ጊዜ የሚያድነው በመርፌ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው። ሃይድሮኮርቲሶን ወይም የአስም መንፊያ ቢጨመሩ እንኳ ከአድሬናሊን በኋላ ነው፤ እነሱን ሲያስቀድሙ ነው ጊዜው የሚያልፈው።

ባለሙያዎች፣ ታውቁታላችሁ፤ ግን ልድገመው። አምፑሉ፣ ማለትም የአድሬናሊኑ ትንሽ ብልቃጥ፣ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም የያዘው ነው። መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም፤ 12 ኪሎ ለሆነ ልጅ 0.12 ሚሊ ሊትር፣ 20 ኪሎ ለሆነ 0.2፤ ለልጅ ከ0.3 አይበልጥም። በአንድ ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል መሐሉ ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ። ክንድ ላይ ከቆዳ በታች አይደለም፤ እዚያ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ካልተሻለው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደገማል፤ ስለዚህ አምፑሉ ሁለት ይሁን። አስቀድማችሁ ስሪንጅ ውስጥ ቀድታችሁ አትዋሉ። ቀለሙ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሮዝ ከተለወጠ ጣሉት። ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ከ25 ዲግሪ በታች፣ ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን በፍጹም! ራሱ የሚወጋው ብዕር መሰል መርፌ እኛ ጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ አምፑል ይዞ የሚቀመጥ ባለሙያ በዓሉ ላይ የግድ መኖር አለበት። ልጆች ይዘው በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ባለሙያውን ጀልባው ላይ ያሳፍሩ፤ ሐይቁ መሐል ላይ አምቡላንስ አይደርስም።

ልጁን አስተኙት፤ እግሩን ከፍ አድርጉ። መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይሁን። አታስነሱት፣ አታራምዱት፣ «ንፋስ ይምታው» ብላችሁ አታቁሙት። ድንገት ሲነሳ የወረደው ደም ግፊት ይባስ ይወርዳል።

ሌላም ነገር እንዳንሸሽ። ልጅ ሰው ፊት በልቶ ፊቱ ሲያብጥ «ዐይን በላው» የሚል ድምፅ ይነሳል፤ ጤና አዳም ይፈለጋል፣ ጭስ ይጫጫሳል። በማንም እምነት ላይ አልገባም፤ ጸሎቱንም ጠበሉንም ማንም አይከለክላችሁም። መድኃኒቱ ግን ይቅደም። ጭሱ ደግሞ የጠበበ ትንፋሽ ላይ ሲጨመር ይጎዳል፤ እሱን ተዉት።

መንገዱም ከበዓሉ በፊት ይታሰብ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከተማው ውስጥ ነው፤ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በአዴት መንገድ ወጣ ብሎ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ዋናው መንገድ ይዘጋል፣ ባጃጅም አይገባም፤ ስለዚህ የትኛው በር ለአምቡላንስ ክፍት እንደሚሆን፣ ቁልፉስ ማን ጋ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ልጁ አድሬናሊን ወስዶ ተሻለው ብላችሁ ወደ ቤት አትውሰዱት፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላልና ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል በዐይን ይጠበቅ። የበላውን ነገር ትራፊና ማሸጊያውን አብራችሁ ውሰዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። የወረቀቱ ቅጽ በግራ በኩል ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ሚዛንም አጠገቡ ተቀምጧል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ጫማቸውን አስወልቃችሁ መዝኗቸው፤ ኪሎውን ዛሬውኑ ጻፉት፤ የአምና ኪሎ ለመድኃኒት አይሆንም።